ማር ስኳር ነው፤ እንጀራም ስኳር ይሆናል

ጥያቄ፦ «እናቴ የስኳር በሽታ እንዳለባቸው ከታወቀ ስምንት ወር ሆኗል። መድኃኒታቸውን በሰዓቱ ይወስዳሉ። ስኳር እርግፍ አድርገው ትተዋል፤ ሻያቸውን በቀን ሦስት ጊዜ፣ በየስኒው ሁለት የሻይ ማንኪያ ማር ጨምረው ነው የሚጠጡት። እንጀራ ግን እንደ ድሯቸው በየማዕዱ አንድ ይበላሉ። የጤፍ ስለሆነ፣ ደግሞም ውስብስብ ካርቦሃይድሬት ቀስ ብሎ ይፈጫል ስለሚባል አልከለከልናቸውም። ዩኒቨርሲቲ ባዮሎጂ የሚማረው የወንድሜ ልጅ ‹እንጀራም እኮ ስኳር ነው› ብሎ ቤቱን አተራመሰው። የደማቸው ስኳር ደግሞ አልወርድ ብሏል። ማርና ስኳር በኬሚስትሪ ይለያያሉ? ቀላልና ውስብስብ የሚባለው ምደባስ ምን ያህል ይታመናል? ማሩ ደግሞ ረግቶብናል፤ ስኳር ተቀላቅሎበት ይሆን?»

መልስ፦ የወንድምዎ ልጅ ቤቱን ቢያተራምስም አልተሳሳተም፤ አነጋገሩ ብቻ ነው የቸኮለ። እንጀራ ስኳር አይደለም፤ አንጀት ሲደርስ ግን ስኳር ይሆናል። ማር ያንንም አይጠብቅም፤ ከማሰሮው ሲወጣ ጀምሮ ስኳር ነው። እናትዎ ስኳርን በስኳር ተክተዋል፤ ትልቁ ምንጭ ደግሞ መጀመሪያውኑ ሻያቸው ውስጥ አልነበረም።

ከስሙ ልጀምር፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚያው ላይ ነው። ካርቦሃይድሬት ማለት ቃል በቃል «ውሃ ያዘለ ካርቦን» ማለት ነው። የጥንቶቹ ኬሚስቶች ግሉኮስን ሲመረምሩ 6 ካርቦን፣ 12 ሃይድሮጅንና 6 ኦክስጅን አገኙበት፤ ከስድስት ካርቦንና ከስድስት ውሃ የተሠራ መሰላቸውና ስሙ በዚያው ጸና። እንደ እውነቱ ውስጡ ውሃ የለም። ቀመሩም ቢሆን አያስተማምንም፤ ኮምጣጤን የሚያኮመጥጠው አሲድ 2 ካርቦን፣ 4 ሃይድሮጅንና 2 ኦክስጅን ስላለው በቀመሩ መሠረት ካርቦሃይድሬት በሆነ ነበር፤ ግን አይደለም። አንድን ሞለኪውል ካርቦሃይድሬት የሚያሰኘው አሠራሩ ነው፦ ኦክስጅንና ሃይድሮጅን የተጣመሩባቸው፣ ሃይድሮክሲል የሚባሉ ብዙ ቡድኖች የተንጠለጠሉበት የካርቦን ሰንሰለት፣ አንድ ቦታ ላይ ደግሞ አልዲሃይድ ወይም ኬቶን የሚባለውን ቡድን የያዘ።

የዚህ ቤተሰብ ትንሿ አባል ሞኖሳካራይድ ትባላለች፤ ከእሷ በታች ቢሰብሯት ስኳርነቷ ይቀራል። በምግባችን ውስጥ ዋናዎቹ ሦስት ናቸው፤ ግሉኮስ፣ ፍሩክቶስና ጋላክቶስ። ሦስቱም የያዟቸው አቶሞች ዓይነትና ብዛት አንድ ነው፤ የሚለያቸው አቀማመጣቸው ነው። ግሉኮስ አልዲሃይዱን በሰንሰለቱ ጫፍ ይይዛል፣ ፍሩክቶስ ኬቶኑን በሁለተኛው ካርቦን ላይ። ጋላክቶስ ከግሉኮስ የሚለየው በአራተኛው ካርቦን ላይ ያለው አንድ ሃይድሮክሲል ወደ ሌላ በኩል በመዞሩ ብቻ ነው። ጀርመናዊው ኤሚል ፊሸር በ1891 እ.ኤ.አ. የግሉኮስን አቀማመጥ ሲያውቅ እንዲህ ያለውን ረቂቅ ነገር የሚያሳይ መሣሪያ አልነበረውም፤ በብልቃጥና በሎጂክ ብቻ ደረሰበት። በ1902 ኖቤል ተሸለመ፤ እኔ ብሆን ሁለት ጊዜ እሸልመው ነበር። ይህን የማነሳው ለታሪክ ያህል አይደለም፤ ሰውነታችን ይህችን ጥቃቅን ልዩነት ይለያል። ግሉኮስ በቀጥታ ወደ ደም ይገባል፤ የእናትዎ መለኪያ ማሽንም የሚያነበው እሱን ብቻ ነው። ፍሩክቶስ አብዛኛው ወደ ጉበት ይሄዳል፤ ማሽኑ አያየውም።

ሁለት ሞኖሳካራይዶች ሲጣመሩ አንድ የውሃ ሞለኪውል ይወጣና ዳይሳካራይድ ይሆናሉ። የሞለኪውል ክብደታቸው 180 እና 180 ቢሆንም ውጤቱ 360 ሳይሆን 342 ነው፤ የጎደለችው 18 የወጣችው ውሃ ናት። ይህችን ውሃ ይያዙልኝ፣ ኋላ እንመለስባታለን። የገበያው ስኳር፣ ነጭም ይሁን ቡናማ፣ ሱክሮስ ነው፤ አንድ ግሉኮስና አንድ ፍሩክቶስ የተጣመሩበት። የወተቱ ላክቶስ ግሉኮስና ጋላክቶስ ነው። ገብስ በቅሎ ብቅል ሲሆን የሚጣፍጠው በማልቶስ ነው፤ ሁለት ግሉኮሶች ናቸው፤ ጠላ ጠማቂ ሁሉ ስሙን ባያውቀውም ሥራውን ያውቀዋል።

አሁን ወደ ማሩ። ንብ ከአበባ የምትቀስመው ጣፋጭ ፈሳሽ በአብዛኛው ሱክሮስን የያዘ ነው። በሰውነቷ ውስጥ ኢንቨርቴዝ የሚባል ኢንዛይም አለ፤ ሱክሮሱን ለሁለት ይቆርጠዋል። ውሃው በክንፏ ማራገብ ሲተንን ማር ይሆናል። በአማካይ ማር ወደ 38 ከመቶ ፍሩክቶስ፣ ወደ 31 ከመቶ ግሉኮስ፣ ወደ 17 ከመቶ ውሃ ነው፤ ቀሪው ማልቶስና ሌሎች ስኳሮች፣ ጥቂት አሲድ፣ ጥቂት ማዕድን። እንግዲህ የእናትዎ አንጀት በሱክሮስ ላይ የሚሠራውን ሥራ ንቧ ቀድማ ሠርታላቸዋለች ማለት ነው። «የተፈጥሮ ነው» የሚለው ክርክር እዚህ ላይ አይሠራም፤ ሸንኮራ አገዳም የተፈጥሮ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ከጠቅላላው ምግብ ጉልበት ከ10 ከመቶ በታች እንዲሆን የሚመክረው «ነጻ ስኳር» ማርንም ይጨምራል።

ልኩ ደግሞ ያስገርማል። አንድ የሻይ ማንኪያ ማር 7 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ከዚያ ውስጥ 5.7 ግራም ገደማው ስኳር ነው። አንድ ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳር 4 ግራም ነው። ማር ከባድና ዝልግልግ ስለሆነ በማንኪያ ከተለካ ከስኳር የበለጠ ስኳር ይሰጣል። ማር ከጠጡ በኋላ ማሽኑ ትንሽ ዝቅ ያለ ቁጥር ካሳየ ምክንያቱ ፍሩክቶሱ ነው፤ ያልታየው ስኳር ጉበት ውስጥ ነው፤ ሲበዛም ወደ ስብ ይለወጣል። ስለዚህ በዚያ ቁጥር መጽናናት አይገባም።

ቀጥሎ ትልቁ ሰንሰለት፣ ፖሊሳካራይድ። እዚህ ላይ አንድ ሐቅ ካልተያዘ የቀረው ሁሉ ይጠፋል፦ የጤፉ ስታርች፣ የገለባው ሴሉሎስና በጉበታችን የሚከማቸው ግላይኮጅን ሦስቱም የተሠሩት ከግሉኮስ ብቻ ነው። ላይዎ ላይ ያለው የጥጥ ኩታ የግሉኮስ ሰንሰለት ነው። ልዩነቱ አንዱ ግሉኮስ ከሌላው ጋር የተያያዘበት ማሰሪያ ነው። በስታርች ውስጥ ማሰሪያው አልፋ ይባላል፤ ሰንሰለቱ ይጠመዘዛል፣ ምራቃችንና ቆሽታችን ያለው አሚሌዝ የተባለ ኢንዛይም ይቆርጠዋል። ዳቦ ሳይውጡ ደጋግመው ቢያኝኩት እየጣፈጠ የሚሄደው ለዚህ ነው። በሴሉሎስ ውስጥ ማሰሪያው ቤታ ነው፤ ሰንሰለቱ ቀጥ ይላል፣ እርስ በርሱ ይደራረባል፣ የእኛ ኢንዛይም አያገኘውም። ላም ጭድ በልታ የምትወፍረው እሷ ራሷ ስለምትፈጨው አይደለም፤ በጨጓራዋ ያደሩት ረቂቃን ተሕዋስያን ናቸው የሚፈጩላት። ለእኛ ያው ጭድ አሰር ብቻ ነው።

በመካከል አጫጭር ሰንሰለቶች አሉ፣ ኦሊጎሳካራይድ የሚባሉ። አተር፣ ሽምብራና ምስር ውስጥ ያሉትን ራፊኖስና ስታኪዮስን የሚቆርጥ ኢንዛይም የለንም፤ ትልቁ አንጀት ደርሰው ባክቴሪያ ይበላቸውና ጋዝ ይወጣል። ሽሮ ሆድ ነፋ የሚባለው ይኸው ነው፤ ለስኳር ሕመምተኛ ግን ይህ ነውር ሳይሆን ጥቅም ነው።

አሁን ወደ ጥያቄዎ ልብ ገባን። ሞኖና ዳይሳካራይዱን «ቀላል»፣ ፖሊሳካራይዱን «ውስብስብ» የሚለው ምደባ የሰንሰለት ርዝመት ነው የሚለካው። ኬሚስት ሰንሰለት ሲቆጥር ይጠቅመዋል። ምግብ ገበታ ላይ ግን «ውስብስብ» የሚለው ቃል «ቀርፋፋ» ተብሎ ተተረጎመና ስንቱን ሰው አሳሳተ። በደንብ የበሰለ ስታርች ሰንሰለቱ ምንም ያህል ቢረዝም፣ በየማሰሪያው ኢንዛይም ስለሚቆርጠው ፈጥኖ ይፈርሳል። ያችን የወጣች ውሃ አስታውሱ፤ ሰንሰለቱ ሲቆረጥ ተመልሳ ትገባለች፤ ስለዚህ የሚወጣው ስኳር ከገባው ስታርች በክብደት ይበልጣል። 100 ግራም ስታርች ተፈጭቶ ሲያልቅ 111 ግራም ያህል ግሉኮስ ይሰጣል፤ ሁሉም ግሉኮስ። 100 ግራም የገበያ ስኳር ግን 53 ግራም ያህል ግሉኮስ ነው የሚሰጠው፤ ሌላው ግማሽ ፍሩክቶስ ነው። የደም ስኳርን ከፍ በማድረግ ነጭ ዳቦ ከገበያ ስኳር በላይ የሚመደበው በዚህ ምክንያት ነው። ይህ ስኳርን ደግ አያደርገውም፤ «ውስብስብ ነው» የሚለውን መከላከያ ግን ያፈርሰዋል።

እንግዲህ እንጀራውን እንመዝነው። እርጥብ እንጀራ አብዛኛው ውሃ ነው፤ በ100 ግራም ውስጥ የሚፈጨው ስታርች ከ25 እስከ 30 ግራም ይሆናል። አንድ እንጀራ 300 ግራም ቢመዝን (የእርስዎን ቤት እንጀራ ሚዛን ላይ አስቀምጠው ይዩት፤ ብዙ ምጣድ ከዚህ የበለጠ ያወጣል) ከ75 እስከ 90 ግራም ስታርች ነው። በቀን ሦስቴ ሲሆን ወደ ደም የሚገባው ግሉኮስ ከ250 ግራም እስከ 300 ግራም ይደርሳል። ስድስቱ የማር ማንኪያዎች ተደምረው 34 ግራም ያህል ስኳር ናቸው፤ ግሉኮሱ ከግማሹ አይበልጥም። ስምንት ወር ሙሉ ቤተሰቡ የተጣላው በትንሹ ቁጥር ላይ ነው።

ጤፍ ጥፋተኛ ነው እያልኩ አይደለም። ቅንጣቱ ደቃቅ ስለሆነ ገለባው ሳይለይ ከነአሰሩ ይፈጫል፤ ይህ ከነጭ የስንዴ ዱቄት ይሻላል። ሊጡ ሲቦካ የሚፈጠረው አሲድም የስታርቹን መፈጨት በመጠኑ ያዘገየዋል። «እርሾው ስኳሩን በልቶ ይጨርሳል» የሚሉ ሰዎች ግን አጋነኑት፤ እርሾ የሚበላው በአብዛኛው በሊጡ ውስጥ ያለውን ጥቂት ነጻ ስኳር ነው፤ ስታርቹ ከሞላ ጎደል እንዳለ ምጣድ ላይ ይወጣል። ምጣዱም ያበስለዋል፤ በጥሬው ጥቅጥቅ ብሎ የነበረው የስታርች ቅንጣት በሙቀትና በውሃ ያብጣል፣ ይፈታል፣ ለኢንዛይም ይከፈታል። አብሲት ሲጣል ሊጡን የሚያወፍረው ይኸው የስታርች መፈታት ነው። እንጀራው ሲያድር የተወሰነው ስታርች ተመልሶ ይሰበሰብና ለመፈጨት ያስቸግራል፤ ያደረ እንጀራ ከትኩሱ በመጠኑ ይሻላል፤ ሆኖም «ያደረ ስለሆነ» ብሎ ሁለተኛ መጨመር ጥቅሙን ያጠፋዋል። አንድ ነገር ደግሞ ልብ ይበሉ፦ ከውጭ የሚገዛው እንጀራ የሩዝ ወይም የሌላ ዱቄት ቅልቅል ሊሆን ይችላል፤ ሰው ነጭነቱን ይወድለታል፤ የጤፉ አሰር ግን በዚያው ልክ ቀንሷል። በአሜሪካም ሆነ በዓረብ አገር ያለ ዘመድ ካለዎት ይህን ይንገሩልኝ፤ እዚያ ቅልቅሉ የተለመደ ነው።

ስለዚህ ስለ አንድ ምግብ ስጠየቅ «ቀላል ነው ወይስ ውስብስብ» አልልም። የምጠይቀው ከምን ስኳር እንደተሠራ፣ ማሰሪያው ኢንዛይማችን የሚቆርጠው መሆኑን፣ ቅንጣቱስ ምን ያህል እንደደቀቀ ነው። ሦስተኛውን ሰው ይረሳዋል። የገብስ ቆሎና በሶ አንድ እህል ናቸው፤ ሁለቱም ተቆልተዋል። ቆሎው በጥርስ ተሰባብሮ፣ ቅርፊቱ ስታርቹን እንደሸፈነው ነው ወደ አንጀት የሚወርደው። በሶው ወፍጮ ቀድሞ አድቅቆታል፤ በዚያ ላይ በማር ከተጠጣ ቆሎው የነበረው ጥቅም አልቋል። ገብስ ቤታ ግሉካን የሚባል፣ በውሃ የሚሟሟና የሚያጣብቅ አሰር ስላለው ስኳር ወደ ደም የሚገባበትን ፍጥነት ይቀንሳል፤ ግን እንደ አበላሉ።

ስለ ረጋው ማር አትጨነቁ። ማር ስኳር ስለተቀላቀለበት ብቻ አይደለም የሚረጋው። ግሉኮስ ከፍሩክቶስ ይልቅ በውሃ የመሟሟት አቅሙ ያነሰ ነው፤ ግሉኮሱ የበዛ ማር ቶሎ ይረጋል፣ ፍሩክቶሱ የበዛው ሳይረጋ ይቆያል። የትግራይ ነጭ ማር የሚረጋው በባሕርዩ ነው። በክብሪት ማቀጣጠል፣ ውሃ ውስጥ ማንጠባጠብ፣ በወረቀት ላይ ማፍሰስ፣ እነዚህ ሁሉ የሚለኩት የማሩን ውሃና ውፍረት እንጂ ንጽሕናውን አይደለም። እርግጡን የሚናገረው የላብራቶሪ ምርመራ ነው፦ ሸንኮራ አገዳ ካርቦንን ከአየር የሚወስድበት መንገድ ንቦች ከሚቀስሟቸው ከአብዛኞቹ አበቦች ስለሚለይ በውስጡ ያለው የከባዱ ካርቦን መጠን ያጋልጠዋል። የአገራችን ስኳር፣ ወንጂ በ1954 እ.ኤ.አ. ማምረት ከጀመረበት ጊዜ አንስቶ፣ ከአገዳ ስለሆነ ይህ ምርመራ ለእኛ ይሠራል። ለእናትዎ ግን ማሩ ንጹሕ ሆነም አልሆነም ልዩነቱ ኢምንት ነው።

ምክሬ ይህ ነው። ማሩን ከሻይ ያውጡት፤ በቀረፋ ወይም በቅርንፉድ የተፈላ ሻይ ያለ ማጣፈጫ በሁለት ሳምንት ምላስ ይለምደዋል። እንጀራውን አይከልክሏቸው፤ ከአንድ ወደ ግማሽ ያውርዱት፤ የጎደለውን ቦታ በጎመን፣ በምስርና በሽሮ ወጥ ይሙሉት፤ ወጡ ይብዛ፣ እንጀራው ይነስ። ከዚያ ግምት ሳይሆን መለኪያ ይፍረድ፦ ለአንድ ሳምንት ከምሳ በፊትና መብላት ከጀመሩ ከሁለት ሰዓት በኋላ ይለኩና የበሉትን ከቁጥሩ ጋር በደብተር ይጻፉ። የሦስት ወሩን የሂሞግሎቢን ምርመራም (HbA1c የሚባለውን) ያሠሩላቸው። እሱ የሚያየው ግሉኮስ በአልዲሃይዱ በኩል ከቀይ የደም ሴል ፕሮቲን ጋር ያለ ኢንዛይም የተጣበቀውን ነው፤ የአንድ ቀን ጾም ወይም የአንድ ቀን ድግስ ብዙ አይቀይረውም።

እኔ የምግብ ኬሚስት ነኝ እንጂ ሐኪም አይደለሁም፤ ስለዚህ ይህን አጥብቄ እነግርዎታለሁ። የሚወስዱት መድኃኒት ኢንሱሊን ወይም ግሊበንክላሚድ የተባለው ክኒን ከሆነ እንጀራውን በአንድ ጊዜ በግማሽ መቀነስ ስኳራቸውን ከሚገባው በታች ሊጥለው ይችላል፤ ሐኪማቸው መጠኑን ሳያስተካክል አትጀምሩ። ጾም ሲገባም እንደዚያው። ቤት ውስጥ ዓመት ያልሞላው ሕፃን ካለ ደግሞ ማሩን አታስቀምሱት፤ ማር ውስጥ ሊኖር የሚችለው የቦቱሊዝም ባክቴሪያ ዘር ለሕፃን አንጀት አደገኛ ነው።

ማሩን ግን አይጣሉት። እናትዎ ላብ ላብ ብሏቸው፣ እጃቸው ተንቀጥቅጦ፣ መለኪያው ከ70 በታች ካሳየ፣ ያን ጊዜ ፈጣን መሆኑ ነው የሚፈለገው፤ አንድ የሾርባ ማንኪያ ማር ወይም አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በትንሽ ውሃ ሟሙቶ ይሰጣቸው፤ ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና ይለኩ። እንጀራ በዚያች ሰዓት አይደርስላቸውም። ራሳቸውን ከሳቱ ግን ማርም ውሃም አፋቸው ውስጥ አይጨምሩ፤ በጎናቸው አስተኝተው ወደ ሐኪም ቤት ይውሰዷቸው።